አሬና ስቴጅ ወላጆቼን ልወስድ ነው፤ የትኛው ወንበር ይሻላል? እራትስ የት እንብላ?

ጠያቂ፣ ከአሌክሳንድሪያ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ወላጆቼ ሰሞኑን ከአዲስ አበባ መጥተው እኔ ዘንድ ናቸው። አባቴ በወጣትነታቸው ከብሔራዊ ቴአትርም ሆነ ከሀገር ፍቅር የማይጠፉ ሰው ስለነበሩ፣ ከመመለሳቸው በፊት ዋሽንግተን በሚገኘው አሬና ስቴጅ አንድ ቴአትር ላሳያቸው አስቤያለሁ። የመረጥኩት ቴአትር የሚታየው ፊቻንድለር በሚባለው፣ ተመልካቹ መድረኩን በአራቱም በኩል ከቦ በሚቀመጥበት አዳራሽ ነው። ትኬት ለመቁረጥ የመቀመጫውን ካርታ ስከፍት ግን ግራ ገባኝ፤ የቱ ጎን ፊት፣ የቱ ጎን ኋላ እንደሆነ መለየት አልቻልኩም።

አባቴ የለመዱት ከመጋረጃው ፊት ለፊት፣ መሐል ላይ ተቀምጠው ማየት ነው። አሁን ቀኝ ጆሯቸው ደከም ብሏል። እንግሊዝኛ በደንብ ያነባሉ፤ ፈጣን ንግግር መከተል ግን ይከብዳቸዋል። እናቴን ደግሞ ጉልበታቸውን ስለሚያማቸው ብዙ ደረጃ መውጣትና መውረድ አይችሉም፤ ረቡዕና ዓርብም ይጾማሉ። ዓርብ ማታ ወይስ ቅዳሜ ከሰዓት ይሻላል? ከቴአትሩ በፊት ወይም በኋላ የት ብንበላ ይመቻቸዋል? የምታውቁ ብትመክሩኝ ትልቅ ውለታ ነው።

የመድረክ ወዳጅ፦

እንኳን ደህና መጡልዎ። አሬና ስቴጅን መምረጥዎ በጣም ጥሩ ነው፤ አባትዎ የቴአትር ሰው ከሆኑ የቤቱን ታሪክ አስቀድመው ቢያጫውቷቸው ይወዱታል ብዬ አምናለሁ። ዜልዳ ፊቻንድለር ከባለቤቷና ከመምህሯ ጋር በ1950 እ.ኤ.አ. ስትመሠርተው፣ የከተማው ትልቁ ቴአትር ቤት ጥቁር ተመልካቾችን ከማስገባት ይልቅ የመድረክ ሥራውን ማቆም ከመረጠ ሁለት ዓመት ሆኖት ነበር። አሬና ግን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ለሁሉም ክፍት ነበር። በ1976 እ.ኤ.አ. የቶኒ ሽልማት ከኒውዮርክ ውጭ ላለ ቴአትር ቤት ሲሰጥ የመጀመሪያው ተሸላሚ እሱ ነው። አሁን የሚገቡበትን የብርጭቆ ግድግዳ ያለው ሕንፃም ቢሆን እንዲሁ ለማማር ብቻ የተሠራ እንዳይመስላቸው፤ ከአጠገቡ ካለው አውሮፕላን ማረፊያ የሚነሣው ድምፅ የቆዩትን ሁለት አዳራሾች ይረብሽ ስለነበር፣ በ2010 እ.ኤ.አ. የተጠናቀቀው እድሳት ሁለቱንም በአንድ ጣሪያና በብርጭቆ ግድግዳ ከልሏቸዋል።

ወደ ጥያቄዎ ስመለስ፣ በፊቻንድለር ፊትና ኋላ ስለሌለ የአንዱ ጎን ተመልካች ከሌላው የሚጎድልበት ነገር የለም። አዘጋጁ ተዋናዮቹን ዘወትር እያንቀሳቀሰ ስለሚያሠራቸው ለተወሰነ ጊዜ ጀርባቸውን ማየትዎ አይቀርም፣ ግን ተራው ለሁሉም ይደርሳል። ተዋናዮቹ የሚገቡት በማዕዘኖቹ ባሉት መተላለፊያዎች ስለሆነ፣ እዚያ አጠገብ የተቀመጠ ሰው ልብሳቸው ሲንኮሻኮሽ ሳይቀር ይሰማል።

በረድፍ ምርጫ ላይ ግን ጠንካራ አስተያየት አለኝ፤ የመጀመሪያውን ረድፍ ይተዉት። በእንዲህ ዓይነቱ መድረክ ላይ ከፍ ያለ ግድግዳ ወይም የተሳለ መጋረጃ ማቆም ስለማይቻል፣ የመድረኩ ንድፍ አውጪ አብዛኛውን ሐሳቡን የሚያሰፍረው ወለሉ ላይ ነው፤ ቀለሙን፣ ምንጣፉን፣ የመብራቱን ቅርጽ ማለቴ ነው። ከመጀመሪያው ረድፍ የሚታየው እግርና ጫማ ሲሆን፣ ከአራተኛው ወይም ከአምስተኛው ረድፍ ግን ወለሉ ሙሉ ሥዕል ሆኖ ይታያል፣ የተዋናዩ ፊትም አይርቅም።

ለአባትዎ ጆሮ ደግሞ እንዲህ ያድርጉ። መቀመጫውን ወደ መድረኩ ዞረው ሲቀመጡ በቀኝ በኩል ባለው የረድፉ ጫፍ ይያዙ፤ ያን ጊዜ አብዛኛው መድረክ በግራቸው ስለሚውል የሚሰማው ጆሯቸው ወደ ተዋናዮቹ ይሆናል። እናትዎ መተላለፊያው አጠገብ ባለው የመጨረሻ ወንበር፣ አባትዎ ከእሳቸው ቀጥሎ፣ እርስዎ ደግሞ ከአባትዎ በስተግራ ቢቀመጡ፣ እናትዎ እግራቸውን እንደልብ ይዘረጋሉ፣ እርስዎም አስፈላጊ ሲሆን በሚሰማው ጆሯቸው በኩል አንድ ሁለት ቃል ሹክ ሊሏቸው ይችላሉ። ረድፎቹ እየተደራረቡ ወደ ላይ የሚወጡ ስለሆኑ ትኬቱን በኢንተርኔት ከመቁረጥ ይልቅ ቲኬት ቢሮው ደውለው፣ "ጥቂት ደረጃ ብቻ ያለበት" ብለው ይጠይቁ።

ዘጠነኛው ጎዳና፦

ስለ ወንበሩ የተባለው በቂ ስለሆነ እኔ ስለ ምግቡ ልናገር። ቴአትር ቤቱ ከወንዙ ዳር፣ ዋርፍ ከሚባለው አዲስ ሰፈር አጠገብ ነው፤ ዋርፍ በ2017 እ.ኤ.አ. ከተከፈተ ወዲህ አካባቢው በምግብ ቤት ተሞልቷል። ቢሆንም አብዛኞቹ ዓሣና ሥጋ ላይ ያተኮሩ ናቸው፤ አትክልት ያዘዘ ሰው እንኳ ቅቤ ወይም አይብ ያልነካው ሳህን ለማግኘት አስተናጋጁን ደጋግሞ መጠየቅ አለበት። ለጾመኛ እናት ዓርብ ማታ በችኮላ ይህን ማድረግ አድካሚ ነው። ሌላው መታወቅ ያለበት፣ እዚያው ዋርፍ ውስጥ "አንተም" (The Anthem) የሚባል እስከ 6,000 ሰው የሚይዝ የሙዚቃ አዳራሽ መኖሩ ነው። ኮንሰርት ባለበት ምሽት ምግብ ቤቱም የመኪና ማቆሚያውም ስለሚጨናነቅ፣ ቀን ከመምረጥዎ በፊት የዚያን አዳራሽ መርሐ ግብር ይመልከቱ።

ስለዚህ ምክሬ ቅዳሜ ከሰዓት፣ በአሜሪካ አቆጣጠር 2 ሰዓት የሚጀምረውን ትርኢት እንዲመርጡና እራቱን ከቴአትሩ በኋላ የኢትዮጵያ ምግብ ቤቶች በሚበዙበት በእኛው ሰፈር እንዲያደርጉት ነው። ለቴአትር ቤቱ የሚቀርበው የሜትሮ ጣቢያ ዋተርፍሮንት በአረንጓዴው መስመር ላይ ነው፤ ሳትቀይሩ በዚያው ባቡር ወደ ሰሜን ስትሄዱ ሾው ወይም ዩ ስትሪት ወርዳችሁ ዘጠነኛውን ጎዳና ታገኛላችሁ። ወላጆችዎ ያዩትን እየተጨዋወቱ እንጀራ ይበላሉ፤ ቀኑ ቅዳሜ ስለሆነም፣ ከሰባቱ አጽዋማት አንዱ ካልገባ በቀር፣ እናትዎ የፈለጉትን ማዘዝ ይችላሉ። አጽዋማቱ ከገቡም በያይነቱ የማያቀርብ ቤት እዚያ አካባቢ የለም ማለት ይቻላል።

ከትርኢቱ በፊት ጊዜ ከተረፋችሁ በሜይን አቬኑ ያለውን የዓሣ ገበያ አሳዩአቸው። ከ1805 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሳይቋረጥ የሚሠራ ነው፤ ሸርጣኑና ዓሣው በረዶ ላይ ተደርድሮ፣ ሻጮቹ ከፍ ካለው መደብ ላይ ሆነው ገዢውን ይጣራሉ። የተጠበሰ ዓሣ ገዝቶ እዚያው ደጅ ላይ መብላት ይቻላል፣ ሆኖም እንደ ምግብ ቤት አረፍ ተብሎ የሚበላበት ስላልሆነ እናትዎን እዚያ ብዙ አያቁሟቸው።

ጠያቂ፣ ከአሌክሳንድሪያ፦

ሁለታችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ቅዳሜ ከሰዓት እንዲሆን ወስኛለሁ። የቀረኝ ጥያቄ የንግግሩ ፍጥነት ነው። አባቴ ታሪኩ ከመሐል አምልጧቸው ዝም ብለው እንዲቀመጡ አልፈልግም፤ ቅር ቢላቸውም እንደማይነግሩኝ አውቃለሁ።

ጽሑፍ አንባቢ፦

ለዚህ ቴአትር ቤቱ ራሱ መፍትሔ አለው። በአንዳንድ ቀናት የተዋናዮቹ ንግግር እየተከታተለ በሰሌዳ ላይ በጽሑፍ የሚወጣባቸው ትርኢቶች አሉ፤ የተዘጋጁት መስማት ለሚቸገሩ ሰዎች ቢሆንም አባትዎ በሁለቱም ምክንያት ይጠቀማሉ። ነገር ግን እዚህ ላይ የመድረክ ወዳጅ የሰጡትን የወንበር ምክር በጥቂቱ ማሻሻል ግድ ይላል። መድረኩ ዙሪያውን የተከበበ ስለሆነ ሰሌዳው ከሁሉም ጎን እኩል አይታይም። ስለዚህ ሲደውሉ መጀመሪያ ጽሑፍ ያለበት ቀን የትኛው እንደሆነ፣ ቀጥሎም ሰሌዳው በግልጽ የሚታይበት ጎን የቱ እንደሆነ ይጠይቁ፤ የቀኙን ጫፍ የሚፈልጉት ከዚያ ጎን ውስጥ ይሁን። ሰሌዳውንና ተዋናዩን በአንድ እይታ ለማየት ደግሞ ከአራተኛው ረድፍ ይልቅ ትንሽ ከፍ ያለው ይመረጣል።

የሚመችዎት ቅዳሜ ጽሑፍ ያለበት ካልሆነ፣ ድምፅ የሚያጎላ የጆሮ ማዳመጫ እዚያው አዳራሹ መግቢያ እንዲሰጥዎ ይጠይቁ። ይህ ፍጥነቱን ባይቀንስም፣ ተዋናዩ ጀርባውን ሲሰጥ የሚደበዝዘውን ድምፅ ይመልሳል። የታሪኩን አካሄድ አስቀድመው በአማርኛ ቢተርኩላቸውም ጥሩ ነው፤ ቴአትር የለመደ ሰው ታሪኩን ማወቁ ደስታውን አይቀንስበትም፣ ትኩረቱ ወደ ትወናው ይሄዳል።

የመድረክ ወዳጅ፦

የሰሌዳው ነገር ትክክል ነው፣ እኔም በዚህ እስማማለሁ። ስለ ጉዞው አንድ ነገር ልጨምር። ከአሌክሳንድሪያ በቢጫው መስመር መጥተው ላንፋንት ፕላዛ ላይ ወደ አረንጓዴው ሲቀይሩ ዋተርፍሮንት ቀጣዩ ጣቢያ ነው። ላንፋንት ላይ ወርዶ በእግር መሄድም ይቻላል፤ ለእናትዎ ጉልበት ግን ርቀቱ ስለሚበዛ አልመክረውም። ከዋተርፍሮንት ቀጥሎ ያለው ጣቢያ የቤዝቦል ስታዲየሙ ስለሆነ፣ ጨዋታ ባለበት ቅዳሜ ባቡሩ ከአፍ እስከ ገደፉ ይሞላል፤ መቀመጫ ላያገኙ ይችላሉ። እንደዚያ ከሆነ እስከ ቴአትር ቤቱ በር በታክሲ ይውሰዷቸው፣ ወደ ዘጠነኛው ጎዳናም እንዲሁ። ትኬቱን ከመቁረጥዎ በፊት የጨዋታውን ቀን ከኮንሰርቱ ጋር አብረው ይዩት።