አራት ወር ተኩል ሞላው፣ ካላቀፍኩት አይተኛም፤ ሰኞ ደግሞ ስራ እገባለሁ

የማሙሽ እናት (ሰሚት)

ሰላም እናቶች፣ አባቶችም። አሁን ከሌሊቱ 9 ሰዓት ተኩል ነው። በአንድ እጄ ነው የምጽፈው። በሌላው ልጄን አቅፌዋለሁ።

የመጀመሪያ ልጄ ነው። እስከ ሦስት ወሩ ድረስ እንቅልፉ ደህና ነበር። ማታ 3 ሰዓት ይተኛል፣ 8 ሰዓት ላይ ይጠባል፣ ከዚያ እስኪነጋ ለጥ ነው። ሰው ሲጠይቀኝ "ተመስገን፣ እሱ አያስቸግርም" እል ነበር። ከሦስት ሳምንት በፊት ግን ድንገት ተለወጠ። አሁን በየሰዓቱ ይባንናል። ጡት ካልጎረሰ አይረጋጋም። ጎርሶ ይተኛል፤ ትንፋሹ ዝግ ሲል ቀስ ብዬ ወደ አልጋው አወርደዋለሁ። ጀርባው ፍራሹን ሲነካ ሁለት እጁን ዘርግቶ ብንን ይላል። እንደገና ከሀ እንጀምራለን።

ትናንት ቆጠርኩ። ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ሰባት ጊዜ ተነሳሁ። በአምስተኛው ግድግዳ ተደግፌ ቁጭ ብዬ አብሬው አለቀስኩ።

ሁሉም የየራሱን መላ ይሰጠኛል። አማቴ አብረውን ናቸው። እሳቸው ፎጣቸውን አምጥተው ያዝሉታል፤ አምስት ደቂቃ ሳይሞላ ጀርባቸው ላይ ጭልጥ ይላል። ግን ሌሊቱን ሙሉ እንዴት ይታዘላል? ወገባቸውን ያማቸዋል፤ ተዉ ብላቸውም ድምፁን ሲሰሙ ይነሳሉ። "ወተትሽ አላጠገበውም፣ አጥሚት ጀምሪለት" ይሉኛል። ባለቤቴ ዩቲዩብ ላይ አይቶ "ትንሽ ይልቀስ፣ በሦስት ቀን ይለምዳል" አለኝ። አንዲት ጎረቤቴ ደግሞ የጉንፋን ሽሮፕ ስጪው አለችኝ። የእሷ ሞግዚት ለልጇ ትሰጠው ነበር አሉ፤ "ሌሊቱን ሙሉ ድምፁ አይሰማም ነበር" አለችኝ። ይሄን ስሰማ ሰውነቴ ቀዘቀዘ።

90 የስራ ቀን የወሊድ ፈቃዴ አልቋል። የዓመት ፈቃዴን ጨመርኩበት፣ እሱም አለቀ። የሂሳብ ሰራተኛ ነኝ፤ ከቁጥር ጋር ነው የምውለው። ባለፈው ሐሙስ ባዶ ድስት እሳት ላይ ጥጄ ረስቼው ወጣሁ። አማቴ ባይኖሩ ምን እንደሚፈጠር አላውቅም። ባለቤቴ ልጁ ሲወለድ የተሰጠው ፈቃድ 3 ቀን ነው። በአራተኛው ቀን ስራ ገባ፣ ሌሊቱም ያኔውኑ የኔ ብቻ ሆኖ ቀረ።

ጥያቄዬ ይሄ ነው። ልጄ ምን ሆነ? አቅፌ እያስተኛሁ ያበላሸሁት እኔ ነኝ? በዚህ እድሜው ማስለቀስስ ይቻላል? እኔ ስራ ስገባ ደግሞ ሰራተኛችን እንዴት አድርጋ ታስተኛዋለች?

የሦስት ልጆች እናት (ደሴ)

እሙዬ፣ መጀመሪያ እንባሽን ጥረጊ። ልጅ በመታቀፍ አይበላሽም። እኔ ሦስቱንም አዝዬ፣ እሹሩሩ ብዬ ነው ያሳደግኳቸው። ትልቁ ዘንድሮ ዩኒቨርሲቲ ገባ፤ ዛሬ የሚቸግረኝ እሱን ከእንቅልፉ መቀስቀስ ነው።

አማትሽ ቀን ቀን ይዘሉት። ለእሱም ለእሳቸውም ደስታ ነው። ፊቱ እንዳይሸፈን፣ አፍንጫው ጀርባቸው ላይ እንዳይደፈን ብቻ ተመልከቺ። ሌሊት ግን አልጋውን ይልመድ።

አወራረድሽን ደግሞ ቀይሪው። ብዙ እናት ጭንቅላቱን ነው ቀድማ የምታሳርፈው፤ ያኔ ልጁ የወደቀ ይመስለውና ይደነግጣል። አንቺ መጀመሪያ እግሩን፣ ከዚያ ቂጡን፣ ከዚያ ጀርባውን፣ ጭንቅላቱን በመጨረሻ አሳርፊ። እጅሽን ወዲያው አታንሺ። አንዱን መዳፍ ደረቱ ላይ አድርጊና ሃያ ትንፋሽ ቁጠሪ። አንሶላው ከቀዘቀዘም ይነቃል፤ ቀደም ብለሽ በሰውነትሽ አሙቂው። የእኔ ሁለተኛ ልጅ በዚህ ብቻ ነው የዳነችልኝ።

ማታ ማታ አንድ ዓይነት ነገር አድርጊ። ለብ ባለ ውሃ እጠቢው፣ ቅባት ቀቢው፣ መብራቱን ቀንሽ፣ አጥቢው፣ ከዚያ እሹሩሩ። ቅደም ተከተሉን አታዛቢ። ሰዓት አያውቅም ብለሽ አትናቂው፤ ቅባቱ ሲሸተው ምን እንደሚከተል ያውቃል።

ነርስ እና እናት

የህፃናት ክፍል ነርስ ነኝ፣ የሁለት ልጆችም እናት ነኝ። ረዘም አድርጌ ልጻፍልሽ፣ ምክንያቱም ከጻፍሻቸው ነገሮች ሁለቱ አሳስበውኛል።

ስለ እንቅልፉ ልጀምር። ልጅሽ አልታመመም፣ አንቺም አላበላሸሽውም። አራት ወር አካባቢ የህፃን እንቅልፍ እንደኛ ወደ ቀላልና ከባድ ይከፈላል። አንዱ ዙር አንድ ሰዓት ገደማ ነው። ዙሩ ሲያልቅ ሁላችንም ትንሽ እንነቃለን፤ እኛ ተገላብጠን እንቀጥላለን፣ ጠዋትም አናስታውሰውም። እሱ ግን ሲተኛ ጡት አፉ ውስጥ ነበር፣ ሲነቃ የለም። ሚኒባስ ውስጥ እናትሽ ትከሻ ላይ አንቀላፍተሽ ብቻሽን ብትነቂ ምን ይሰማሻል? የሚያለቅሰው ለዚህ ነው። እና ይሄ ለውጥ የሚመጣው ልክ የወሊድ ፈቃድ በሚያልቅበት ሰሞን መሆኑ ስንት እናት እንደሚያስለቅስ በየቀኑ አያለሁ።

ስለዚህ ጡቱን ከእንቅልፉ ትንሽ ትንሽ አራርቂው። አጥቢው፣ አስገሺው፣ ከዚያ ዓይኑ ከበድ ሲል ግን ጭልጥ ሳይል አስተኚው። ሁልጊዜ አይሆንልሽም። በቀን አንዴ ከሆነልሽ ይበቃል። ደግሞ ገና ማቃሰት ሲጀምር አታንሺው፤ አንዳንዴ ተኝቶ ነው የሚያቃስተው። አንድ ደቂቃ ጠብቂ። ከ4 እስከ 11 ወር ያለ ህፃን በ24 ሰዓት ውስጥ የቀኑን ጨምሮ ከ12 እስከ 16 ሰዓት እንዲተኛ ነው የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 (እ.ኤ.አ.) ያወጣው መመሪያ የሚለው። የቀን እንቅልፉን ደምሪበት፤ ያን ያህል ላይጎድልሽ ይችላል፣ ተቆራርጦ ነው እንጂ።

አሁን ወዳሳሰበኝ። ሽሮፑን በጭራሽ እንዳትሰጪው! እነዚህ ሽሮፖች ውስጥ ያለው የሚያስተኛ መድኃኒት የህፃን ትንፋሽ ሊያቆም ይችላል። አንዳንዱ ከ2 ዓመት በታች ላለ ልጅ ጨርሶ የተከለከለ ነው። "ድምፁ አይሰማም ነበር" የሚለውን ሳነብ ነው የደነገጥኩት። ለሰራተኛሽ በግልጽ ንገሪያት፤ ሳትቆጪ፣ ግን በግልጽ። መድኃኒት ሁሉ አንቺ ጋ ተቆልፎ ይቀመጥ።

አጥሚቱም ይቆይ። እስከ 6 ወር የእናት ጡት ብቻ ነው፣ ውሃም አያስፈልገውም። ቅቤ ማስዋጥም፣ ጤና አዳምም አያስፈልግም። ማር እስከ አንድ ዓመቱ ድረስ አደገኛ ነው። አማትሽን በአክብሮት አስረጂያቸው፤ ከፈለግሽ ለክትባት ስትሄጂ ይዘሻቸው ሂጂና ከባለሙያዋ አፍ ይስሙት። የእኔ እናት የተቀበለችኝ እንደዚያ ነው።

አተኛኘቱ፦ ሁልጊዜ በጀርባው፣ ጠንከር ያለ ፍራሽ ላይ፣ ያለ ትራስ። ጋቢም ብርድ ልብስም ፊቱ አካባቢ አይኑር፤ ከበረደ ልብሱን አወፍሪለት። አልጋው ከአልጋሽ አጠገብ ይሁን። አሜሪካ ውስጥ ከ1994 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ "በጀርባ አስተኙ" የሚል ዘመቻ ተደርጎ ህፃናት በእንቅልፋቸው ድንገት የሚሞቱበት ቁጥር በግማሽ ገደማ ቀንሷል። ሌላው፣ ድካም ሲጥልሽ ሶፋ ላይ ቁጭ ብለሽ አታጥቢ። ሶፋ ላይ አቅፎ ማንቀላፋት ከሁሉም የከፋ ነው።

ስራ ስትገቢ ወተትሽን አልበሽ ተይለት። በክፍሉ ሙቀት እስከ 4 ሰዓት፣ ፍሪጅ ውስጥ እስከ 4 ቀን ይቆያል። መብራት ከጠፋ ግን ፍሪጁን አትመኚው።

ትኩሳት ካለው፣ መጥባት እምቢ ካለ፣ ትንፋሹ ከፈጠነ ወይም ለመንቃት ካስቸገረ የእንቅልፍ ጉዳይ አይደለም፤ ሌሊትም ቢሆን ወደ ሐኪም ነው።

አባት ከሲልቨር ስፕሪንግ

እህቴ፣ በርቺ። ማስለቀስ ስላልሽው የደረሰብኝን ልንገርሽ።

እዚህ አሜሪካ የልጃችን ሐኪም ገና በመጀመሪያው ቀጠሮ የጠየቀችን "የት ነው የሚተኛው?" ብላ ነው። ቢያንስ እስከ ስድስት ወር በእናንተ ክፍል፣ ግን በራሱ አልጋ አለችን። ከዚያ በኋላ ሰው ሁሉ ለብቻው ክፍል ይልመድ ይለናል። እናቴ ልታርሰን ከአዲስ አበባ መጥታ ነበር። "ልጅ ለብቻው ክፍል? ምን አጥፍቶ?" አለች። መልስ አልነበረኝም።

በሰባት ወሩ ሞከርነው። አስተኝተሽው ትወጫለሽ፤ ሦስት ደቂቃ ጠብቀሽ ትገቢያለሽ፣ ሳታነሺው ታባብይዋለሽ፤ ቀጥሎ አምስት ደቂቃ፣ ቀጥሎ አሥር። የመጀመሪያው ሌሊት 42 ደቂቃ አለቀሰ። ባለቤቴ መታጠቢያ ቤት ገብታ ውሃ ከፍታ ነበር፣ እንዳትሰማው። እናቴ ኮሪደሩ ላይ መቁጠሪያዋን ይዛ ቆማ ነበር። ሁለተኛው ሌሊት 25 ደቂቃ። በአራተኛው ትንሽ አቃስቶ ተኛ። ሠራ ማለት ነው። ጥርስ ሲያበቅል ግን ተመልሶ ፈረሰ። ለእናንተ አራት ወር ተኩል ገና ነው፤ እኛም ሐኪሟ ቆዩ ብላን ነበር። አንጀቷ ያልቻለ እናትም አትሞክረው። ግዴታ አይደለም።

ከዚያ ሁሉ የበለጠ የረዳን ሌሊቱን መክፈላችን ነው። በሀገር ቤት አቆጣጠር ከምሽቱ 3 እስከ ሌሊቱ 8 ሰዓት የኔ ነው፤ ከ8 በኋላ የእሷ። በኔ ሰዓት እሷ ሌላ ክፍል ትተኛለች፣ በሩ ይዘጋል። ወተቱ ታልቦ ይቀመጥልኛል። ህፃን እናቱ ስትሸተው ነው ጡት የሚፈልገው፤ እኔ ሳነሳው ብዙ ጊዜ ደረቴ ላይ ተመልሶ ይተኛል። አምስት ሰዓት የተኛች እናት ሌላ ሰው ናት። ባለቤትሽ ይሄን እንዲያነብ ስጪው። ወንድሜ፣ ፈቃዱ 3 ቀን ነው፤ አባትነቱ ግን ሌሊትም አለው።

የሁለት ዓመት ተኩሏ እናት

እኔ ደግሞ የምታወራ ልጅ ነው ያለችኝ። ውሃ፣ ሽንት፣ እንደገና ውሃ። እስከ 5 ሰዓት አትተኛም ነበር። ከመኝታ አንድ ሰዓት በፊት ስልክና ቴሌቪዥን አጠፋን፣ የቀን እንቅልፏንም ከ9 ሰዓት በኋላ ከለከልን። አንድ ተረት ብቻ ነው የሚነገራት። "ተረት ተረት" ስላት "የላም በረት" እያለች ነው ዓይኗ የሚከደነው። ለናንተ ገና ነው፣ ግን ይመጣል።

የማሙሽ እናት (ሰሚት)

ተመልሼ መጣሁ። አሥራ ስድስት ቀን ሆነ። ሁላችሁንም እግዚአብሔር ያክብርልኝ።

ሁሉም አልተስተካከለም። አሁንም ሦስት ጊዜ ይነሳል፣ አንዳንዴ አራት። ግን ሰባት አይደለም።

ባለቤቴ የሲልቨር ስፕሪንጉን ወንድማችንን መልእክት ሁለት ጊዜ አነበበው። ምንም አላለኝም። ማታውን ትራሱን ይዞ ልጁ ያለበት ክፍል ገባ፣ እኔን ሳሎን ላከኝ። የመጀመሪያውን ሌሊት ምንም አልተኛሁም፤ በሩ ላይ ጆሮዬን አድርጌ ነበር። ልጁ አለቀሰ፣ እሱ ደግሞ የሚያውቀው እሹሩሩ ስለሌለው የስታዲየም ዜማ ሲያንጎራጉርለት ሰማሁ። ከዚያ ሁለቱም ዝም አሉ። በሦስተኛው ሌሊት እስከ 8 ሰዓት ተኛሁ። ስነቃ ጡቴ ወተት ሞልቶ ልብሴን አርሶት ነበር።

ሰራተኛችንን አስቀምጬ አነጋገርኳት። ሽሮፕ እንደማይሰጥ፣ ቢያለቅስ እንደማልቆጣት፣ ካቃታት እንድትደውልልኝ ነገርኳት። ለካ እሷም ፈርታ ነበር። በፊት የሰራችበት ቤት ልጁ ሲያለቅስ ይቆጧት ነበር። ይሄን ሳልጠይቃት ቆይቼ ቢሆን ኖሮ ብዬ አስባለሁ። አማቴን ለክትባት ይዣቸው ሄድኩ፤ አጥሚቱ እስከ ስድስት ወር ተላልፏል። ቀን ቀን እሳቸው ያዝሉታል። መስሪያ ቤት ዕቃ ግምጃ ቤቱ ውስጥ ወንበር አስገብተውልኝ ሁለቴ አልባለሁ።

ትናንት ማታ ታጠበ፣ ቅባቱን ተቀባ፣ ጠባ፣ አገሳ። ዓይኑ ከበድ ሲል አወረድኩት፤ እግሩን፣ ቂጡን፣ ጀርባውን፣ ጭንቅላቱን። እጄን ደረቱ ላይ አደረግኩ። አልተነሳም። አየኝ። ጡጫውን አፉ ውስጥ ከተተና ትንሽ አጉረመረመ። መቁጠር ጀመርኩ። አማቴ ፎጣቸውን ትከሻቸው ላይ ጥለው በሩ ላይ ቆመው ነበር። አሥራ አራት ላይ ጡጫው ከአፉ ወጣና ፍራሹ ላይ ተዘረጋ። ዘወር ብዬ ሳያቸው ፎጣውን እያጠፉት ነበር።