የጦርነት ፊልሞች ላይ የምናያቸው ፈንጂ አምካኞች ከእውነተኛው ሥራ ጋር ምን ያህል ይቀራረባሉ?

ትዕግስት ዘሲኒማ

ሰላም ለዚህ ቤት። ሰሞኑን ሁለት ፊልሞች አከታትዬ አየሁ። አንዱ «ዘ ኸርት ሎከር» ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2004 ባግዳድ ውስጥ ቦምብ ስለሚያመክኑ ሦስት የአሜሪካ ወታደሮች የሚተርክ፣ በ2010 የምርጥ ፊልም ኦስካር የወሰደ። ሌላው የዴንማርኮቹ «ላንድ ኦፍ ማይን» ነው፤ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የተማረኩ የጀርመን ልጆች ባሕር ዳርቻ ላይ በደረታቸው ተኝተው ፈንጂ ሲለቅሙ ያሳያል። ሁለቱም ልብ ሰቅለው ይይዛሉ። ግን ወደ ሥራው የሚቀርበው የትኛው ነው? በተለይ ማወቅ የምፈልገው፦ የመከላከያ ልብሱን አውልቆ መሥራት የሚባል ነገር አለ? ሽቦ መርጦ መቁረጥስ? ደግሞ በብዙ ፊልም ላይ ወታደሩ ፈንጂ ይረግጥና «ቀጭ» ሲል ጓደኞቹ «እግርህን እንዳታነሳ!» ብለው ይጮሁበታል። እውነት ፈንጂው እግሩን እስኪያነሳ ይጠብቀዋል? ሙያውን የምታውቁ ብታብራሩልኝ።

ገመድና መንጠቆ

ትዕግስት፣ «ዘ ኸርት ሎከር» ዕቃውን በትክክል አሳይቶ አሠራሩን አዛብቶታል። ድርሰቱን የጻፈው ማርክ ቦል በ2004 ኢራቅ ውስጥ ከአምካኞች ጋር የቆየ ጋዜጠኛ ነው። ስለዚህ ሮቦቱ፣ ልብሱ፣ ከሰገነትና ከመስኮት ቁልቁል የሚያዩ ሰዎች የሚፈጥሩት ጭንቀት እውነተኛ ነው። የተዛባው ዋናው ገጸ ባሕርይ ነው። ሳጅን ጄምስ ቡድኑን በተቀላቀለ ገና በመጀመሪያው ግዳጅ ሮቦቱን ትቶ በእግሩ ይሄዳል።

እውነተኛው ቅደም ተከተል የዚህ ተቃራኒ ነው። ሰው በእጁ የሚነካው ሌላው መንገድ ሁሉ ተሞክሮ ሲያልቅ ብቻ ነው። ቡድኑ ቦታው ሲደርስ መጀመሪያ የሚፈትሸው ቦምቡን ሳይሆን የቆመበትን መሬት ነው፦ መኪናው ውስጥ እንዳሉ ዙሪያውን 5 ሜትር በዓይናቸው ያስሳሉ፣ ከወረዱ በኋላ ደግሞ እስከ 25 ሜትር። አጥማጁ አንዱን ቦምብ ለማባበያ ትቶ ሁለተኛውን አምካኞቹ ይቆሙበታል ብሎ የገመተበት ቦታ ሊቀብር ይችላላ! ከዚያ ነዋሪው ይለቃል፣ አጃቢው እግረኛ ጦር ዙሪያውን ይዘጋል፣ የሬዲዮና የሞባይል ሞገድ የሚያፍነው መሣሪያ ይበራል፣ ሮቦቱ ይላካል። ሮቦቱ በካሜራው ካየ በኋላ ውሃ የሚተኩሰውን ቱቦ አስጠግቶ ይመታዋል። በባሩድ የተገፋ ጥቂት ውሃ ባትሪውንና ሽቦውን ከፈንጂው በታትኖ ይጥለዋል፤ ፍጥነቱ የኤሌክትሪክ ዑደቱ ተገናኝቶ ፈንጂውን ለማስነሳት ጊዜ እንዳያገኝ ያደርገዋል። ሮቦቱ የማይደርስበት ቦታ ከሆነ ሰው ሄዶ መንጠቆ ያስርና ተመልሶ ከግንብ ጀርባ በረጅም ገመድ ይጎትተዋል። ከተጎተተ በኋላም ወዲያው አይጠጉትም፤ የጥበቃ ጊዜ አለው።

ጄምስ ከአፈር ውስጥ ቀዩን ገመድ ሲስብ በርካታ የመድፍ ጥይት ከብቦት የሚታይበት፣ ፖስተሩ ላይ የወጣው ትዕይንት ታስታውሻለሽ። እንዲህ በሰንሰለት የተያያዘ ቦምብ አለ። በእጁ እንዲያ አድርጎ የሚስበው አምካኝ ግን የለም፤ መሳቡ ራሱ ማስፈንጠሪያ ሊሆን ይችላል።

ሽቦ መምረጥ የሚባለው ፈጽሞ የለም። ቤት ውስጥ የተሠራ ቦምብ የቀለም ደንብ አያውቅም፤ ሠሪው እጁ ላይ ያገኘውን ሽቦ ነው የሚቀጥለው።

ልብሱ ሙሉ ሲሆን ከ35 እስከ 40 ኪሎ ይመዝናል። ብቻውን የሚለብሰው የለም፣ ጓደኛው ነው የሚያለብሰው። ደረቱ፣ አንገቱና ታፋው ላይ ጠንካራ ሳህን አለ፤ የራስ ቁሩ ውስጥ መስተዋቱ በላብ እንዳይደበዝዝ ትንሽ ማራገቢያ ይሽከረከራል። እጅ ግን ባዶ ነው፣ ጣት እንደ ልብ መንቀሳቀስ ስላለበት። በባግዳድ የበጋ ሙቀት ውስጥ ልብሱ ራሱ ሰው ይጥላል። ትንፋሽ ያጥራል፣ ማጎንበስ ያስቸግራል፣ የደከመ ሰው ደግሞ ይሳሳታል። ፊልሙ ይህን ድካም በደንብ አሳይቷል።

ጄምስ በመድፍ ጥይት የተሞላውን መኪና ሲከፍት «ከሞትኩ አይቀር ተመችቶኝ ልሙት» በሚል ስሜት ያወልቀዋል። ሐሳቡ ግማሽ እውነት አለው፦ ያን ያህል ፈንጂ ክንድ በሚያህል ርቀት ቢነሳ የትኛውም ልብስ አያድንም። የመጀመሪያው ትዕይንት ላይ የሞተው ሳጅን እኮ እየሮጠ፣ ልብሱን እንደለበሰ ነው የሞተው። ግን አብዛኛው አደጋ የሚመጣው ሲሄዱና ሲመለሱ ነው። 50 ሜትር ላይ ፍንጣሪው እንጂ ግፊቱ አይደለም ገዳዩ፤ ፍንጣሪን ደግሞ ልብሱ ይመክታል። ስለዚህ አውልቆ መሥራት አይመከርም። በሌሊት በጨለማ መንገድ ተበታትነው ጠላት የሚያሳድዱበት ክፍል ከሥራው ጋር ምንም አያገናኘውም። አምካኝ ለማሠልጠን ረጅም ጊዜ ይፈጃል፤ አሳዶ መያዝ የአጃቢው ሥራ ነው።

ዛላምበሳ 92

እኔ በተቀበረ ፈንጂ ላይ ልጨምር። ከ1990 እስከ 1992 ዓ.ም. በነበረው የኢትዮ ኤርትራ ጦርነት ምሽግ ለምሽግ መሐል የተቀበረው ይኸው ስለሆነ አገራችን በደንብ የምታውቀውም እሱን ነው።

«እግርህን እንዳታነሳ» ውሸት ነው፣ ሰውንም ያሳስታል። የሶቪየቱን ፒኤምኤን ውሰጂ፦ ጥቁር የጎማ ክዳን ያለው፣ ሆዱ ውስጥ 240 ግራም ቲኤንቲ የተባለ የሚፈነዳ ንጥረ ነገር የያዘ ክብ ፈንጂ ነው። ክዳኑ ሲጫን መርፌው ይለቀቃል፣ እዚያው ይፈነዳል። «ቀጭ» ቢልም የረገጠው ሰው አይሰማውም። ወሬው ምናልባት የመጣው ከሚዘሉት ፈንጂዎች ነው። የጀርመኑ ኤስ ማይን ከተረገጠ በኋላ 4 ሰከንድ ያህል ቆይቶ ወደ ወገብ ከፍታ ይዘልና ይፈነዳል፤ እግር አነሳህ አላነሳህ ለውጥ የለውም። ጫናው ሲነሳለት የሚፈነዳ ወጥመድም በእርግጥ አለ። ግን የሚቀመጠው ከሌላ ፈንጂ ሥር ነው፣ የላይኛውን የሚያነሳውን ሰው ለመያዝ።

ለዚህ ነው «ላንድ ኦፍ ማይን» ላይ የሚታየው አሠራር የሚያስደነግጠው። ታሪኩ መሠረት አለው። እ.ኤ.አ. ከግንቦት 1945 በኋላ ወደ 2,000 የሚጠጉ የጀርመን ምርኮኞች ከዴንማርክ ምዕራባዊ ዳርቻ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ፈንጂ እንዲያወጡ ተደርገዋል። ስካሊንገን የሚባለው ልሳነ ምድር ከፈንጂ ነፃ የተባለው እ.ኤ.አ. በ2012 ነው። ልጆቹ በደረታቸው ተኝተው አሸዋውን በብረት ዘንግ እየወጉ፣ ያገኙትን በእጃቸው ጠርገው ፊውዙን፣ ማለትም ፈንጂውን የሚያስነሳውን ክፍል፣ ፈትተው ማውጣታቸው የዘመኑ አሠራር ነበር። ዛሬ ግን በእጅ ማንሳት የመጨረሻው አማራጭ ነው።

አሁን እንዴት ይሠራል? አሳሹ 1 ሜትር ስፋት ባለው መስመር ውስጥ ይንበረከካል። ፊቱ ላይ 5 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው ግልጽ መከለያ፣ ከፊቱ ደግሞ ሽርጥ የመሰለ ጥሩር አለ። ዓለም አቀፉ መለኪያ ጥሩሩ በ60 ሴንቲሜትር ርቀት 240 ግራም ቲኤንቲ እንዲቋቋም ይጠይቃል፤ ልክ የፒኤምኤን መጠን ነው። መጀመሪያ በቀጭን ዘንግ የተዘረጋ ሽቦ ካለ ቀስ ብሎ ከታች ወደ ላይ ይዳስሳል። ሣሩን በመቀስ ይቆርጣል። ከዚያ ጠቋሚ መሣሪያው ይመጣል። ድምፅ ሲሰጥ ቦታው ላይ ምልክት ይደረግና ከምልክቱ ራቅ ብሎ ዘንጉ ወደ መሬት ይገባል፣ በ30 ዲግሪ ተጋድሞ፣ በየ2 ሴንቲሜትሩ። ተጋድሞ የሚገባው የፈንጂውን ጎን እንዲነካ ነው፤ ቀጥ ብሎ ከወረደ ክዳኑን ይጫናል። ጠንካራ ነገር ከነካ አፈሩ በብሩሽ ይጠረጋል፣ የፈንጂው ጎን እንደታየ ሥራው ይቆማል። አይነሳም፣ አይገለበጥም። አጠገቡ ትንሽ ቲኤንቲ ይቀመጥና ሁሉም ከራቀ በኋላ ባለበት ይፈነዳል።

ብልሽቱ የሚመጣው ከመሰልቸት ነው። አሮጌ ምሽግ ላይ ሚስማር፣ የቆርቆሮ ጣሳ፣ ቀልሃ፣ ፍንጣሪ ሞልቷል፤ መቶ ጊዜ ጮሆ መቶ ጊዜ ቆርቆሮ የሆነበት ሰው መቶ አንደኛውን ይንቀዋል። መሬቱ በበጋ ሲደርቅ ደግሞ ዘንጉን በኃይል መግፋት ያምረዋል። ጎርፍ ፈንጂውን ከተመዘገበበት ቦታ ያንከባልለዋል። ካሜራ ይህን አያሳይም፤ አንድ ሰው በቀን ጥቂት ካሬ ሜትር ሲያጸዳ ማየት የሚፈልግ ተመልካች የለማ።

ትዕግስት ዘሲኒማ

እግዜር ይስጥልኝ፣ ሁለታችሁም። አንድ ቀረኝ፦ ቀይ ቁጥር ወደ ዜሮ የሚወርድበት ሰዓትስ? እሱም ባዶ ፈጠራ ነው?

የድሮ ሰዓት

ቁጥሩ ፈጠራ ነው፤ የሚቆጥረው ሰዓት ግን ነበር። እ.ኤ.አ. በ1940 ጀርመን ለንደን ላይ ከጣለቻቸው ቦምቦች አንዳንዶቹ ውስጥ ቁጥር 17 የተባለ ባለ ሰዓት ፊውዝ ነበር፤ ወድቆ እስከ 72 ሰዓት ድረስ ሊቆይ ይችላል። የእንግሊዝ አምካኞች በሐኪም ማዳመጫ ያዳምጡት ነበር። የቆመ ሰዓት ሲነካ መልሶ ሊጀምር ስለሚችል ከባድ ማግኔት አሥረውበት ያቆሙታል። ፊውዙን ነቅሎ መጣልም አይሆንም፤ ከሥሩ ዙስ 40 የሚባል ወጥመድ ሊኖር ይችላል፣ ፊውዙ ሲወጣ እሱ ይሠራል። መፍትሔው ቦምቡን በሌላ በኩል በስቶ በእንፋሎት ማጠብ ሆነ፤ ቲኤንቲ 80 ዲግሪ አካባቢ ስለሚቀልጥ ቀልጦ ይፈሳል።

በዚያው ዓመት መስከረም ወር ቅዱስ ጳውሎስ ካቴድራል አጠገብ የወደቀውን የአንድ ቶን ቦምብ የሌተናንት ሮበርት ዴቪስ ቡድን ቆፍሮ ለማውጣት ሦስት ቀን ፈጅቶበታል። በመኪና ወደ ሃክኒ ረግረግ ተወስዶ ሲፈነዳ 30 ሜትር ያህል ስፋት ያለው ጉድጓድ ከፈተ። እንዲህ ያለው ታሪክ ወደ ፊልም ሲመጣ አካፋውና ጭቃው ይቆረጣል፣ ሰዓቱ ብቻ ይቀራል። ዛሬም ጀርመን ውስጥ አኬቶን የተባለ ፈሳሽ ሴሉሎይድ የተባለ ፕላስቲክ ቀስ በቀስ እየበላ የሚያፈነዳ ፊውዝ ያላቸው፣ በዚያ ጦርነት የተጣሉ የአሜሪካና የእንግሊዝ ቦምቦች ከመሬት ይወጣሉ። እነሱ ድምፅም ቁጥርም የላቸውም።

ገመድና መንጠቆ

«ላንድ ኦፍ ማይን»ን ያላያችሁ ይህን አንቀጽ ዝለሉት። ከሁለቱ ፊልሞች ለሥራው ቅርብ የምለው ትዕይንት ልጆቹ የወጡትን ፈንጂዎች መኪና ላይ ሲጭኑ ነው። አንዱ ፊውዙ አልወጣለትም፣ እንደ ሌሎቹ ይወረወራል፣ መኪናው ከነልጆቹ ይጠፋል። ሜዳው ላይ ሲሳቡ የነበረው ጥንቃቄ ሁሉ ጭነቱ ላይ የለም፤ አልቋል ብለዋላ። ዛሬ ፊውዝና ፈንጂ አንድ መኪና ላይ አይጫኑም፣ እያንዳንዱ የፊውዝ ቀዳዳ ባዶ መሆኑ ከመጫኑ በፊት በሁለተኛ ሰው ዓይን ይታያል፣ መወርወር ደግሞ ጨርሶ ክልክል ነው።