ቀጋ እዚህም አለ፣ ግን ሳትፈለፍሉ አትብሉት

ሰላም ለሁላችሁ። እንግሊዝ አጥር ላይ የሚታየው ቀይ ፍሬ የኛው ቀጋ ነው ወይ ብላ ለጠየቀችው እህት ነው የምጽፈው። አዎ፣ የቅርብ ዘመዱ ነው። ያው እሾህ፣ ያው ብርቱካናማ ቀይ ፍሬ። መስከረምና ጥቅምት ላይ ይበስላል።

እኔ ያደግኩት መንዝ ነው። ከብት ስንጠብቅ ቀጋ እንዴት እንደሚበላ ማንም አላስተማረንም፣ ታላላቆቻችንን አይተን ነው፤ ገመጥ፣ ውስጡን በጥፍር ፈልፈል፣ እፍ፣ ከዚያ ቅርፊቱን ወደ አፍ። ለካ ዋናው ነገር እሷ እፍ ኖራለች! ባለፈው ዓመት ልጄን ይዤ ስንሸራሸር "ይሄ እኮ የአገራችን ፍሬ ነው" ብዬ ኮራ ብዬ ሁለት ሦስት ሰጠሁት። ስልክ ተደወለና ዞር አልኩ። ልጁ እዚህ የተወለደ ነው፣ እንደ ወይን ፍሬ ከነውስጡ አኝኮ ዋጠው። ማታውን ሙሉ ጉሮሮዬን፣ ምላሴን ሲል አደረ። በማግስቱ ደግሞ ሌላ ቦታ አሳከከው፣ እሱን ልተወው። ጉዱ ያለው ዘሩን በከበበው ደቃቅ ፀጉር ነው። መርዝ ባይሆንም አፍና አንጀት ይቆጠቁጣል። የእንግሊዝ ልጆች ራሳቸው ድሮ ጓደኛቸው አንገት ውስጥ ይበትኑት ነበር አሉ፣ እንዲያሳክከው። እናቴ በስልክ ስነግራት "አንተ ልጅ፣ ሳትፈለፍልለት?" ብላ ተቆጣችኝ።

ከፀጉሩ የባሰው ግን ከቀጋው ጋር የሚምታታ ሌላ ሐረግ ነው። ብላክ ብራዮኒ ይሉታል። እዚያው አጥር ላይ ይጠመጠማል፣ ፍሬው ቀይ፣ ለስላሳና የሚያብለጨልጭ ነው፣ እንደ ዶቃ ተደርድሮ ይንጠለጠላል። መርዝ ነው። እሾህ የለውም። ከተጠራጠርሽ ፍሬውን ሰንጥቀሽ እይው፣ ቀጋ ከሆነ ውስጡ በጠንካራ ዘርና በፀጉር የታጨቀ ነው። ካልሆነ ጣይው። የሐረጉን ፍሬ ሰው ዋጥ ካደረገ 111 ደውሉ፣ የእንግሊዝ የጤና ምክር መስመር ነው፤ ከከፋ 999፣ የድንገተኛው።

ከመንገድ ዳር ለራስ የሚሆን ያህል መልቀም ችግር የለውም፣ ለመሸጥ ከሆነ ግን ሕጉ ይይዝሻል። ለልጆች የሚሻለው ሽሮፕ ነው። ቀቅለሽ በወፍራም ጨርቅ ሁለት ጊዜ አጥልዪው፣ ከዚያ ስኳር ጨምረሽ አፍዪው። እንግሊዞቹም በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ብርቱካን ሲጠፋባቸው ለቫይታሚን ሲ ብለው ሕዝቡን ቀጋ ያስለቅሙ ነበር።

እኔም ሠርቼ ለልጄ ሰጠሁት። ብርጭቆውን ወደ መብራቱ ከፍ አድርጎ አየና "ፀጉር አለው?" አለኝ።