ሴኪውር ቡት በርቷል፣ ኢንክሪፕሽኑ ቀርቷል፤ ምን ላድርግ?

ሰላም ወገኖች፣ የምታውቁ እባካችሁ ድረሱልኝ። ከተጣበቅኩ ሦስት ቀኔ ነው።

በኢኤስፒ32 (ዋይፋይ ያለው ትንሽ ቺፕ) የውሃ ፍሰት መለኪያ እየሠራሁ ነው። ሴኪውር ቡት ቪ2ን (በእኔ ቁልፍ የተፈረመ ፕሮግራም ብቻ እንዲነሳ የሚያደርገውን) አብርቼ ፈርምዌሩን፣ ማለትም የቺፑን ፕሮግራም፣ በአርኤስኤ 3072 ዲጂታል ፊርማ ፈርሜ ጫንኩ፤ ያልተፈረመ ስሞክርበት እምቢ አለ፣ ደስ አለኝ። የፍላሽ ኢንክሪፕሽኑን (በማስታወሻው ላይ ያለውን የሚያመሰጥረውን) ግን "በኋላ እደርስበታለሁ" ብዬ ተውኩት። ለካስ ሴኪውር ቡት ሲበራ፣ ካልከለከልከው በስተቀር፣ ኢፊውዝ (ቺፑ ውስጥ አንዴ ብቻ የሚጻፍ ማስታወሻ) ላይ ያለውን፣ ቁልፎች እንዳይነበቡ የሚያደርገውን ቅንብር እንዳይለወጥ ይቆልፈዋል! አሁን የኢንክሪፕሽን ቁልፍ ባስገባም ከሶፍትዌር እንዳይነበብ ማድረግ አልችልም። ኢፊውዝ ደግሞ አንዴ ከተቃጠለ አይመለስም።

20 ቦርድ እንዲህ ሆኖብኛል። ደንበኛዬ የሚሸጠው አውሮፓ ነው፤ የአውሮፓ ኅብረት ሳይበር ሬዚሊየንስ አክት (የዲጂታል ምርቶች ደህንነት ሕግ) ዋና ግዴታዎች እ.ኤ.አ. ከዲሴምበር 11 ቀን 2027 ጀምሮ ይጸናሉ። የሰው ዋይፋይ ፓስወርድ ፍላሹ ላይ በግልጽ ተጽፎ እያየሁ ማስረከብ አልፈልግም።

እነዚህን ለሙከራ ብቻ ከማስቀረት ሌላ መንገድ አለ? ለቀጣዮቹስ ሁለቱንም አብሬ ላብራ ወይስ ኢንክሪፕሽኑን ላስቀድም? የመፈረሚያ ቁልፉንስ የት ነው የምታስቀምጡት? የእኔ ላፕቶፔ ላይ ብቻ ነው ያለው፣ ይሄ ቺፕ ደግሞ የሚይዘው የአንድ ቁልፍ አሻራ ብቻ ስለሆነ ከጠፋብኝ ማዘመን የሚባል ነገር የለም። በእጁ ሞክሮ ያለፈበት ሰው ቢመልስልኝ በጣም አመሰግናለሁ።