የወላጆች ማኅበር የልጆች ዓይን ምርመራ ዕቅድ፦ ረቂቁ ሰኞ ይገባል፣ አስተያየት እስከ ዓርብ

የናሆም አባት (ጸሐፊ)፦ ረቂቁ ይኸው። አንደኛ፣ ከኬጂ እስከ አራተኛ ክፍል ያለ ልጅ ሁሉ ዓይኑ በእይታ መለኪያ ሰሌዳ ይታይ። ሁለተኛ፣ መነጽር ታዞለት ቤተሰቡ ላልቻለ ልጅ ማኅበሩ ይግዛ። ሦስተኛ፣ የረፍት ሰዓት ይርዘም፤ ልጆቹ ደጅ ይዋሉ። ገንዘቡ ከባዛሩ የተረፈው ነው።

የሶልያና እናት፦ ዋናው ሦስተኛው ነው። የምሠራው ዓይን ክፍል ስለሆነ በየቀኑ አየዋለሁ። ድሮ ማይነስ፣ የሩቁን ማየት አለመቻል ማለት ነው፣ ይዞ የሚመጣው የሃይስኩል ልጅ ነበር፣ አሁን ፊደል ያልጨረሰ ሕፃን ነው። ቻይና፣ ጓንዡ ከተማ ውስጥ ለአንደኛ ክፍል ልጆች በየቀኑ 40 ደቂቃ የደጅ ጊዜ ጨምረው ሦስት ዓመት ተከታተሏቸው። ማዮፒያ፣ ያው ማይነሱ፣ የያዛቸው 30 በመቶ ያህሉ ነበሩ፤ ካልተጨመረላቸው ደግሞ 40 በመቶ ያህሉ። ደማቅ ብርሃን ሲያገኝ ማይነስ የሚያመጣው የዓይን ኳስ ያለልክ ወደ ኋላ መርዘም ይገታል፣ ነገሩ ይኸው ነው።

የዮናታን አባት፦ ይሄ የቻይና ጣጣ ነው። የእኛ ትራኮማ ነው።

የሶልያና እናት፦ ትራኮማ አዲስ አበባ ኬጂ ውስጥ የት አዩ? በ1998 ዓ.ም. አገር አቀፍ ጥናትም ቢሆን፣ እይታቸው ደካማ ሆኖ ከተገኙት ሰዎች ሲሶው የጎደላቸው መነጽር ነበር።

የቅዱስ አባት፦ ሦስተኛው ነጥብ እንዲህ አያልፍም። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ነው። ቀን ስድስት ሰዓት ላይ ፀሐዩ ይጠብሳል። ኮፍያ ካልተገዛ አልፈርምም።

የሶልያና እናት፦ ኮፍያ ቢያደርጉ ችግር የለውም። ጥላ ሥር ሆነው፣ ኮፍያም አድርገው፣ የሚያገኙት ብርሃን ክፍል ውስጥ ካለው ከአሥር እጥፍ በላይ ነው። ፀሐይዋን ቀና ብለው አይዩ እንጂ። አሁን ሰሌዳውን ማን እንደሚይዝ እንነጋገር።

የማክዳ እናት፦ በቃ ባለሙያዋም ኮፍያ ብላለች። ይጻፍ።

የሶልያና እናት፦ ችግር የለውም ነው ያልኩት!

የማክዳ እናት፦ ቀለሙ ግን ቢጫ እንዳይሆን። በአንድ ቀን ይቆሽሻል።

የሔኖክ አባት፦ የአምናው ቲሸርት አንዴ ታጥቦ አርማው የት እንደገባ ሁላችንም እናውቃለን። አሁንም የሚያሳትመው ያው ሰውዬ ከሆነ ከወዲሁ እንነጋገር።

የቅዱስ አባት፦ ሰውዬው እኔ ነኝ? በስሜ ጥራኝ። ደረሰኝ አስገብቻለሁ። አንተ ለባዛሩ ድንኳን አመጣለሁ ብለህ የት ገባህ?

የሔኖክ አባት፦ አንተ መባባል ከመቼ ጀመርን?

የበረከት እናት (ገንዘብ ያዥ)፦ ኧረ በፈጠራችሁ! ደረሰኙ እኔ ጋ አለ። ቀለሙ መልቀቁም እውነት ነው።

የቅዱስ አባት፦ እንግዲያው ሌላ ሰው ያሳትም። እኔ ወጥቻለሁ።

የናሆም አባት (ጸሐፊ)፦ ወደ ረቂቁ። የኤልዳና አባት፣ ኦፕቶሜትሪስት፣ እይታ ለክቶ መነጽር የሚያዝ፣ ዘመድ አለኝ፣ በነጻ ይመረምራል ብለው ነበር። ቀኑ ተቆረጠ?

የበረከት እናት (ገንዘብ ያዥ)፦ አይተውታል፣ አልመለሱም።

የዮናታን አባት፦ ምርመራውስ ለምን? ስልኩን መቀማት ነው። ደግሞ እናቴ መነጽር ዓይን ያሰንፋል ትላለች።

የሶልያና እናት፦ ለእናትዎ አክብሮት አለኝ፣ ግን አያሰንፍም። ማሌዥያ ውስጥ ሆን ተብሎ ቁጥሩ ያነሰ መነጽር የተሰጣቸው ልጆች ናቸው ይበልጥ የባሰባቸው። ስልክም ብቻውን አይደለም። መጽሐፍም ቢሆን አፍንጫ ሥር ተይዞ ሲውል ያው ነው። ኮሮና ቤት ከዘጋባቸው በኋላ በአንድ የቻይና ከተማ የስድስት ዓመት ልጆች ሲታዩ 21 በመቶዎቹ ላይ ማዮፒያ ተገኘ። ከዚያ በፊት ከ6 በመቶ አልፎ አያውቅም ነበር። የእኛዎቹስ ከኮንዶሚኒየም ወደ ሰርቪስ፣ ከሰርቪስ ወደ ክፍል አይደል የሚውሉት? ሕፃን ደግሞ አይታየኝም አይልም። ዓለም ሁሉ እንዲህ ይመስለዋል። ሰነፍ ነው ተብሎ ኋላ ወንበር ይቀመጣል፣ ይብስበታል። ምርመራው ለዚህ ነው።

የማክዳ እናት፦ የእኔም እኮ ቴሌቪዥኑ ላይ ልትለጠፍ ነው። ለካ!

የሶልያና እናት፦ ሰሌዳ እስኪመጣ አይጠብቁ፣ ነገ ውሰዷት።

የሔኖክ አባት፦ አንድ ጥያቄ። የረፍት ሰዓት ቢረዝም የት ሊጫወቱ ነው? ሜዳው የሰርቪስ መኪና ማቆሚያ ሆኗል።

የናሆም አባት (ጸሐፊ)፦ እሱን አስተዳደሩ ይሰማዋል፣ እዚህ አንክፈተው።

የሔኖክ አባት፦ ታዲያ ኮፍያውን መኪናው ሊያደርገው ነው?

የቅዱስ አባት፦ ዋጋ ጠይቄያለሁ። ሰማያዊው ይረክሳል። ጥልፍ እንጂ ህትመት አይደለም፣ አይለቅም።

የማክዳ እናት፦ ወጥቻለሁ አላልክም?

የቅዱስ አባት፦ ለልጆቹ ስል ነው።

የበረከት እናት (ገንዘብ ያዥ)፦ ለሁሉም ልጅ ባለጥልፍ ከተገዛ ለመነጽር የሚተርፍ የለም። ከአሁኑ ይታወቅ።

የዮናታን አባት፦ ኮፍያ ለሁሉም ይደርሳል። መነጽር ለጥቂት ልጆች ነው። ሁላችንም ያዋጣነው ገንዘብ ነው።

የሶልያና እናት፦ ጥቂት መሆናቸውን ሳትመረምሩ በምን አወቃችሁ?

የናሆም አባት (ጸሐፊ)፦ ረቂቅ አራት። አንደኛ፣ ባለአርማ ሰማያዊ ኮፍያ። ሁለተኛ፣ የረፍት ሰዓት "በተቻለ መጠን" ይርዘም። ሦስተኛ፣ ምርመራው ባለሙያ ሲገኝ። መነጽሩ ለሚቀጥለው ዓመት ይደር።

የሶልያና እናት፦ እኔ ቅዳሜ ጠዋት ሰሌዳ ይዤ እመጣለሁ። ቢያንስ ኬጂዎቹን አያለሁ። ክፍል የሚያስከፍትልኝ ማነው?

የማክዳ እናት፦ የኬጂዎቹ ኮፍያ ባለክር ይሁን፣ ንፋስ ይወስደዋል።

የቅዱስ አባት፦ ባለክር ዋጋው ይጨምራል። ልጠይቅ?