አስቸኳይ! ነገ የወረዳ ስብሰባ አለ፤ የማንሆሉን ነገር እንዴት እናንሳው?

የሁለት ልጆች እናት፦
ሰላም ለሁላችሁ። ነገ ጠዋት 3 ሰዓት ወረዳው ነዋሪውን ለስብሰባ ጠርቷል። በራችን ላይ ያለው ማንሆል ክዳኑ ከተወሰደ ሰንብቷል። ዛሬ ማታ ዝናቡ ሞልቶት አይታይም ነበርና የጎረቤት ልጅ እግሩ ገባ፤ ለጥቂት ተረፈ። ለብሎክ ተጠሪው ነግረናል፣ «አሳውቃለሁ» ከማለት ያለፈ ነገር የለም። ባለፈው ስብሰባ እጄን ባወጣ ባወጣ ዕድል የሰጠኝ የለም። ሁሌ የሚናገሩት እነዚያው ሰዎች ናቸው። ምን ብዬ ልናገር? ደብዳቤ ይሻላል? እባካችሁ ቶሎ።

ቀልደኛው፦
ከወረዳው በፊት ቁራሌውን ጠይቂ። ክዳኑ የት እንዳለ እሱ ያውቃል።

ሲሚንቶ፦
እህቴ፣ ዋናውን ነገር አልነገርሽንም። ጉድጓዱ የማን ነው? ገመድ ካለበት የቴሌ ነው። ከሸተተ የፍሳሽ ነው። ከአስፋልቱ የዝናብ ውሃ የሚወርድበት ከሆነ የመንገድ ነው። ይህን ሳታውቂ ከተናገርሽ «እኛን አይመለከትም» ብለው በአንድ ቃል ያስቀምጡሻል። የፍሳሽ ከሆነ 906፣ የቴሌ ከሆነ 994 አሁኑኑ ደውዪ። የደወልሽበትን ሰዓትና ያነጋገረሽን ሰው ስም ጻፊ። ነገ ማንበብ ነው።

የጓሮ ጎመን፦
ለዛሬ ሌሊት አሮጌ ጎማ ክተቱበትና ረጅም ቅርንጫፍ አቁሙበት። ነጭ ፌስታል እሰሩበት፣ ሹፌር ከሩቅ ያየዋል።

ጡረተኛው፦
ልጆች፣ ታሪኩን ባለማወቅ ነው እንዲህ የምትቸገሩት። ቀበሌ የመጣው በ1967 ከወጣው የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት አዋጅ ጋር ነው፣ ቁጥሩ 47። ያኔ የከተማ ነዋሪዎች ማኅበር ነበር የሚባለው። ወርሃዊ ኪራያቸው ከ100 ብር በታች የሆኑ ቤቶችን የሚያስተዳድረውም እሱ ነበር። በኋላ የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 43 ዜጎች የሚኖሩበትን ማኅበረሰብ በሚነኩ ፕሮጀክቶች ላይ ሐሳባቸውን እንዲጠየቁ መብት ሰጠ። አንቀጽ 12 ደግሞ ኃላፊ ሥራውን ሲያጓድል ተጠያቂ ነው ይላል። ስለዚህ ልጄ፣ ልመና ሳይሆን መብት ነው የያዝሽው። ወደ ታሪኩ ስመለስ፣ በእኛ ጊዜ ከስብሰባ መቅረት...

ቀልደኛው፦
ጋሼ፣ 1967 ላይ እያለን ሌላ ሰው እንዳይገባበት።

ሐቁ ይነገር፦
እኔ የማይገባኝ፣ ስብሰባው ስለ ማንሆል ነው ያለሽ ማን ነው? አጀንዳውን አይተሻል? ወረዳ ማንሆል አይከድንም። በጀቱም ባለሙያውም እዚያ የለም። ተነስተሽ ትናገሪያለሽ፣ ይጨበጨባል፣ ሻይና ውሃ ይመጣል፣ አለቀ። እኔ ብሆን ጎረቤት አዋጥቼ የኮንክሪት ክዳን አስደፋ ነበር።

ሲሚንቶ፦
ወረዳ አይከድንም፣ እውነት ነው። ደብዳቤ ግን ይጽፋል። የወረዳ ደብዳቤና የእኔና የአንተ ስልክ እኩል አይታይም። በራሳችን ክዳን እናስደፋ ያልከውንም እጠላዋለሁ። መኪና ሲያልፍበት ቢሰበር ማን ሊጠየቅ ነው?

የሰፈር ሰው፦
ጎማ ክተቱበት። ቅርንጫፍም።

የጓሮ ጎመን፦
እሱን ብያለሁ እኮ!

የሰፈር ሰው፦
ሳላነበው ነው። ድንጋይና አፈር ግን እንዳትሞሉበት። መስመሩ ይደፈንና ውሃው የእናንተው ግቢ ይገባል።

ቃለ ጉባኤ ያዥ፦
እኔ ሌላ ወረዳ ስብሰባ ላይ ቃለ ጉባኤ እይዛለሁ። ከዚያ ወንበር የማየውን ልንገርሽ። ዕድል የሚያገኘው ቀድሞ የመጣና ፊት የተቀመጠ ነው። በብዙ ቦታ የጠያቂዎችን ስም የሚመዘግብ ሰው አለ። ሳይጀመር ሄደሽ አስመዝግቢ። ሦስት አራት ጎረቤት ይምጣ፣ ግን ተለያይታችሁ ተቀመጡ። አንቺን ቢያልፉሽ ሌላዋን አያልፏትም። ስትናገሪ የመብራቱን፣ የውሃውን፣ የቆሻሻውን አትደራርቢ። አንድ ነገር ብቻ። «ሰሚ አጣን» ብለሽ ከጀመርሽ «ጥሩ አስተያየት ነው» ይሉሽና ወደ ቀጣዩ ያልፋሉ። ይልቅ «ለባለቤቱ መሥሪያ ቤት ደብዳቤ የሚጽፈው ማን ነው? መቼ?» ብለሽ ጠይቂ። መልሱን ሳትቀመጪ «ይህ በቃለ ጉባኤ ይያዝልን» በይ። እኔ ስም የምጽፈው እንዲህ ሲባል ነው፤ አለበለዚያ «ነዋሪዎች የመሠረተ ልማት ጥያቄ አንስተዋል» ብዬ አልፈዋለሁ።
ደብዳቤም ያዢ፣ ሁለት ኮፒ። ጎረቤቶች ይፈርሙበት። አንዱን መዝገብ ቤት ትሰጫለሽ፣ ሁለተኛው ላይ ቀንና የገቢ ቁጥር ያስፍሩልሽ። ነገ ዝግ ከሆነ ሰኞ። ነገሩ ከገፋ ወደ ክፍለ ከተማው ቅሬታ ሰሚ፣ ከዚያም እንባ ጠባቂ ድረስ ይሄዳል። እንባ ጠባቂ ደግሞ መጀመሪያ የሚጠይቅሽ «የት አመልክታችሁ ነበር?» ብሎ ነው። ያቺ ኮፒ ከሌለሽ እንደገና ከታች ትጀምሪያለሽ።

ሐቁ ይነገር፦
ይህ እንኳን የሚረባ ነው። ስለ ሻይና ውሃው ግን አልተሳሳትኩም።

የሁለት ልጆች እናት፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ባለቤቴ በባትሪ አየው፣ ገመድ የለውም፣ ሽታው ግን አያስጠጋም። 906 ደውዬ አስመዘገብኩ። ጎማውን ከጎሚስታው አምጥተናል። ደብዳቤውን እየጻፍኩ ነው፣ ግን ማኅተም የለንም። ያለ ማኅተም ይቀበላሉ?

ቃለ ጉባኤ ያዥ፦
የነዋሪ ማመልከቻ ማኅተም አያስፈልገውም። ስም፣ የቤት ቁጥር፣ ስልክና ፊርማ ይበቃል። እድራችሁ ማኅተም ካለው ግን ለምኗቸው፣ ሲያዩት ይከብዳል። ፎቶውንም አትሚና አያይዢ፤ ከስልክ ላይ ላሳያችሁ ብትይ ማንም አያይልሽም።

ጡረተኛው፦
የእድር ነገር ከተነሳ አይቀር፣ እድር እንዴት እንደተጀመረ...

ቀልደኛው፦
ጋሼ!

አዲስ ገቢ፦
ይቅርታ እዚሁ ልጠይቅ። የእኛ ሰፈር የመንገድ መብራት ከጠፋ ቆየ፣ ምሰሶውም ዘሟል። ይሄም ለወረዳ ነው የሚነገረው ወይስ ለመብራት ኃይል?

ሲሚንቶ፦
ምሰሶው ከዘመመ ስብሰባ አትጠብቅ። 905 ደውል። ልጆችንም ከሥሩ አርቅ።

የሰፈር ሰው፦
እህታችን፣ ስብሰባው እንዴት ሆነ? ዕድል ሰጡሽ?