ሽንኩርት ጨረሰኝ፦ ጁስ መፍጫና መክተፊያ አንድ ላይ ያለው ይሻላል ወይስ ለየብቻ?

የሆጤዋ፦

ሰላም ናችሁ ወገኖች። የወጥ ቤት ዕቃ የምታውቁ እስኪ አማክሩኝ።

ቤት ውስጥ ሰባት ነን፣ አማቴም አብረውን ናቸው። ሥራ ውዬ ማታ ስገባ መጀመሪያ የሚጠብቀኝ ሽንኩርት ነው። በሳምንት አራት ኪሎ እከትፋለሁ። ባለፈው በዓል ለዶሮው አምስት ኪሎ ከትፌ አንጓዬ አብጦ ሁለት ቀን እንጀራ መጋገር አቃተኝ። ያን ዕለት ነው ማሽን እገዛለሁ ብዬ የቆረጥኩት።

አሁን ያለችኝ ተራ ጁስ መፍጫ ናት፣ እሷም ከሥሯ ማንጠባጠብ ጀምራለች። ሽንኩርት ሞክሬባት ነበር። ውሃ ካልጨመርኩ አትዞርም፣ ስጨምር ደግሞ ሽንኩርቱ አረፋ ያለው ነጭ ጭማቂ ሆኖ ወጣ። ስጥደው እየተንጣጣ ግድግዳውን አበላሸው፣ ውሃው እስኪመጥ አንድ ሰዓት ፈጀ፣ ወጡም መረር አለ። አማቴ አንድ ጉርሻ ቀምሰው ዝም አሉ። ዝምታቸው በጣም ከበደኝ።

እዚህ ደሴ ፒያሳ ያሉትን ሱቆች ዞርኩ። አንድ ሞተር ላይ የጁስ ጆጉም፣ ሰፊው መክተፊያም፣ ትንሿ ቡና መፍጫም እየተቀያየረ የሚገጠምበት አለ። ለየብቻም አለ። በጀቴ 15 ሺህ ብር ነው። አንዱ ካርቶን ላይ 4500 ዋት ይላል፣ ሌላው ከእሱ ውድ ሆኖ 800 ዋት ነው የሚለው። ሻጩ ባለ 4500ውን ውሰጂ አለኝ። እህቴ ደግሞ አሜሪካ ናት፣ በሚመጣ ሰው ልላክልሽ እያለች ነው።

ሥራው ሽንኩርት፣ ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል፣ በጾም ሱፍና ተልባ፣ ለልጆቹ ጁስ፣ አልፎ አልፎ ጥቅል ጎመንና ካሮት ነው። በርበሬ ወፍጮ ቤት ነው የማስፈጨው። ምን ትላላችሁ?

ከኮምቦልቻ፦

አብሽሪ እህቴ፣ ወጡ የመረረው በአንቺ ጥፋት አይደለም። ዕቃው ለዚያ ሥራ አልተሠራም። የጁስ ጆግ ጠባብና ረጅም ነው፣ ምላጩ ያለው ከታች ነው፣ ፈሳሽ ከሌለ ከላይ ያለው ወደ ምላጩ አይወርድም። ሽንኩርት ደግሞ ሲጨፈለቅ ውሃውን ሁሉ ይለቃል፣ ያ ዓይን የሚያቃጥለውም በብዛት የሚወጣው ያኔ ነው። መክተፊያው ግን ሰፊ ጎድጓዳ ነው፣ ምላጩም ሁለት ክንፍ ያለው ረጅም ስለሆነ ያለ ውሃ ይቆርጣል።

እኔ አንድ ላይ ያለውን ከገዛሁ ሦስት ዓመት አለፈኝ፣ አልሃምዱሊላህ አልተጸጸትኩም። ረመዷን ላይ ከአስር ሰዓት በኋላ ወጥ ቤታችን ምን እንደሚመስል የወሎ ሰው ያውቀዋል። ለሳምቡሳው ሽንኩርትና ቃሪያ በመክተፊያው እጨርስና ጆጉን ገጥሜ አብሽ እመታለሁ። የአብሹን ዱቄት ማታ ዘፍዝፌ አድራለሁ፣ ውሃውን ሁለት ሦስቴ እደፋለሁ፣ ከዚያ በማርና በቀዝቃዛ ውሃ ጆጉ ውስጥ ሲመታ ነጭ አረፋ ሆኖ ይነሳል፤ በእጅ ስመታው እንዲህ ሆኖልኝ አያውቅም። ኮምቦልቻ ሙቀት ስለሆነ ጁስም ከቤታችን አይጠፋም።

ሽንኩርቱን እንዴት እንደምከትፍ ልንገርሽ፣ ዋናው እሱ ነውና። አራት ቦታ እከፍለዋለሁ። ጎድጓዳውን እስከ ግማሽ ብቻ ነው የምሞላው። ከሞላሽው ታች ያለው ጭማቂ ይሆናል፣ ላይ ያለው እንደተከፈለ ይቀራል። ከዚያ ፍጥነቱን ዞር አድርጌ አልተወውም፣ ፐልስ የምትለዋን ነው የምጠቀመው፣ ጫን ለቀቅ፣ ጫን ለቀቅ፣ ስድስት ሰባት ጊዜ። መጀመሪያ ሽንኩርቱ ጎድጓዳውን ሲመታ ጓ ጓ ይላል። ድምፁ ሲለሰልስ አቁሚ። ከፍተሽ ጠርዙ ላይ የተለጠፈውን በማንኪያ አውርጂና ሁለቴ ብቻ ድገሚ። ከዚያ ካለፍሽ ጭማቂ ሆነ ማለት ነው።

የማልወድለት ነገር አለ። የእኔ መክተፊያ 1.2 ሊትር ነው፣ ከግማሽ ኪሎ በላይ በአንዴ አይቀበልም፣ ለበዓል አስር ጊዜ መመላለስ ነው። ዕቃውም ብዙ ነው፣ ጆግ፣ ክዳን፣ ጎማ፣ ምላጭ፣ ሁሉም ይታጠባል። ውሃ በፈረቃ ለሚመጣበት ቤት ይሄ ቀላል ነገር አይደለም። ምላጩን ደግሞ በሳሙና ውሃ ውስጥ ነክረሽ አትተዪ፣ ሳታይው እጅሽን ይከፍልሻል።

የሰኞ ገበያዋ እናት፦

ልጄ፣ እኔ ማሽን አልጠላም። የማይጠቅም ነገር ነው ብዬ አልነግርሽም። ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብሉን በማሽን አድርጊው፣ ትንሽ ዘይት ጠብ ካደረግሽበት በደንብ ይደቃል፣ በብልቃጥ ሞልተሽ ፍሪጅ ብታስቀምጪው ሦስት አራት ቀን ትገለገይበታለሽ።

የዶሮው ሽንኩርት ግን ሌላ ነው። ለአንድ ዶሮ ሁለት ኪሎ የምንከትፈው ሽንኩርቱ ራሱ ወጡ ስለሆነ ነው። በቢላ የተከተፈ ሽንኩርት ያለ ዘይት ሲቁላላ መጀመሪያ ይላባል፣ ከዚያ ይደርቃል፣ ከዚያ ይቀላል፣ ደረጃ በደረጃ ታይዋለሽ። የተጨፈለቀ ከሆነ ይፈላል እንጂ አይቁላላም። አንዱ ገና ጥሬ ሆኖ ሌላው ያርራል። እኔ ብሆን የዘወትሩን በማሽን፣ የዶሮውን ግማሽ በማሽን ግማሽ በቢላ አደርገዋለሁ። ቢላዋሽ ስለታም ይሁን፣ እጅሽን ያሳበጠው የደነዘ ቢላ ሊሆን ይችላል። አማትሽም አብረውሽ ቢቀመጡ ደስ ይላቸዋል እንጂ አይከፋቸውም።

የሸዋበር ልጅ፦

እህትሽ ከአሜሪካ እንዳትልክልሽ በቶሎ ንገሪያት። የእነሱ መብራት 120 ቮልት ነው፣ የእኛ 220። እኔ ዘመድ ያመጣልኝን ሶኬቱን በመቀየሪያ አስተካክዬ ሰካሁት፣ ቀድሞ ሳላነብ። አምስት ሰከንድ አልቆየም፣ አንድ ጊዜ ጮኸና ከሥሩ ጭስ ወጣ። አዲስ ዕቃ፣ አንድ ብርቱካን ሳይፈጭ። የሶኬት መቀየሪያ የእግሩን ቅርጽ እንጂ ቮልቱን አይለውጥም፣ ይሄን ያወቅኩት ከተቃጠለ በኋላ ነው።

ጠጋኙ፣ ደሴ፦

እነዚህን ዕቃዎች ስለምጠግን ቆም ብዬ ልጻፍላችሁ።

መጀመሪያ ዋቱ። 4500 ዋት ለ220 ቮልት ሲካፈል ከ20 አምፔር በላይ ይሆናል። የግድግዳችን ሶኬት ጥሩ ከተባለ 16 አምፔር ነው የሚችለው። የዕቃውን ገመድ ደግሞ እዪው። ላዩ ላይ በትንንሽ ጽሑፍ 0.75 የሚል ከሆነ፣ የሽቦው ውፍረት ልክ ነው፣ 6 አምፔር ገደማ ነው አቅሙ፣ ይህም 1300 ዋት አካባቢ። በዚያ ገመድ 4500 ዋት ሊያልፍ አይችልም። ስለዚህ ካርቶኑን ተዪውና ዕቃውን ገልብጪው። ሥሩ ላይ የተለጠፈችው ምልክት ላይ ቮልት፣ ኸርዝና ዋት መጻፍ አለበት። 220 ወይም 220-240 ቮልት፣ 50 ኸርዝ። ለቤት ሽንኩርት ከ500 እስከ 800 ዋት እውነተኛ ከሆነ ይበቃል።

እዚያው ምልክት ላይ ኬ እና ቢ የሚሉ ሁለት የላቲን ፊደላት ከጎናቸው ቁጥር ይዘው ካየሽ ዝም ብለሽ አትለፊያቸው። 1 ደቂቃ ካለ፣ ያለማቋረጥ የሚሠራው አንድ ደቂቃ ብቻ ነው፣ ከዚያ ማረፍ አለበት ማለት ነው። ወደ እኔ ከሚመጡት አብዛኞቹ የሚቃጠሉት በዚህ ነው። የጠነከረ ነገር ሞልተው ለአምስት ደቂቃ ይለቁታል፣ ዲናሞው ይነድዳል። አንዳንዱ ሲግል ራሱን የሚያጠፋበት አለው፣ ቆመ ብላችሁ ወዲያው አትጣሉት፣ ነቅላችሁ ግማሽ ሰዓት ጠብቁት። መብራት ድንገት ሲሄድም ንቀሉት፣ ሲመጣ ከፍ ብሎ ነው የሚመጣው።

መክተፊያ ላይ በብዛት የሚሰበረው ሞተሩ አይደለም፣ የክዳኑ ምላስ ናት። ክዳኑ ተዟዙሮ ቀጭ ካላለ ማሽኑ አይነሳም፣ ለጣት ደኅንነት ነው። ያቺ ፕላስቲክ ስትሰበር ሰዎች አቋርጠህ በቀጥታ አገናኝልኝ ይሉኛል። አላደርገውም። ክዳኑ ተከፍቶ የሚዞር ምላጭ ሕፃን ያለበት ቤት አልሰጥም። ስለዚህ ስትገዢ ትርፍ ክዳንና ጎድጓዳ ይገኛል ወይ ብለሽ ሻጩን ጠይቂ። ካልተገኘ ዕቃው አንድ ክዳን ነው ዕድሜው።

የአሜሪካውን ነገር ወንድማችን እንዳለው ነው። በ220 የተቃጠለ ዲናሞ ሽቦውን እንደገና ማስጠቅለል ይቻላል ግን ብዙ ጊዜ ወጪውን አያዋጣም። ትራንስፎርመር ካለሽ ይሠራል፣ 50 እና 60 ኸርዝ ለዚህ ዓይነት ካርቦን ላለው ሞተር ችግር አይደለም። ግን ለ1000 ዋት ማሽን 2000 ዋት የሚችል ትራንስፎርመር ነው የሚያስፈልግሽ፣ እሱ ራሱ ከባድና ውድ ነው።

አሁን ጥያቄ ልጠይቅሽ። ጁስ መፍጫሽ የሚያንጠባጥበው ከየት ነው? ከምላጩ ሥር ጥቁር ውሃ ነው ወይስ ንጹሕ?

የሆጤዋ፦

ሁላችሁንም እግዜር ይስጥልኝ። እትዬ፣ የነገሩኝ እውነት ነው፣ የቤታችን ቢላ ከተሳለ ዓመት ሆኖታል። ዛሬውኑ አሳልኩት። የዶሮውንም እንዳሉት አደርገዋለሁ።

ወንድሜ፣ የሚያንጠባጥበው ንጹሕ ነው፣ ጁሱ ራሱ። ሲዞር ድምፁ ደህና ነው።

ጠጋኙ፣ ደሴ፦

እንግዲያው ጎማዋ ናት ያለቀችው፣ ትንሽ ነገር ናት። ጥቁር ቅባት ያለው ቢሆን ምላጩ የሚዞርበት ኩሽኔታ ወይም ቡሽ ሄዷል እልሽ ነበር። አሁኑኑ አሠሪያት ግን፣ ፈሳሹ ወደ ዲናሞው ከወረደ ሌላ ታሪክ ነው።

ይሄ ከሆነ እኔ አንድ ላይ ያለውን አልመክርሽም። ጁስ መፍጫ አለሽ፣ ሱፍና ተልባውም በእሷ ይሠራል። የጎደለሽ መክተፊያ ነው። 15 ሺውን ሦስት ነገር ላይ ከምትበትኚው አንድ ሰፊ ጎድጓዳ ያለው፣ ካሮትና ጎመን የሚፈቀፍቅበት ክብ ምላጭም ያለው መክተፊያ ላይ አውዪው። አንድ ሞተር ሲቃጠል ሁሉም አብሮ ይቆማል፣ ለየብቻ ሲሆን ግን አንዱ ይተርፍሻል።

ከኮምቦልቻ፦

እውነቱን ነው። እኔ ምንም ያልነበረኝ ስለሆነ ነው አንድ ላይ የገዛሁት፣ ጁስ መፍጫ ቢኖረኝ እንዲሁ አደርግ ነበር። ሱፉን ስትሠሪ አንድ ነገር ልጨምርልሽ፣ ጎረቤቴ ናት ያሳየችኝ፣ ሱፉ ተቀቅሎ ለብ ሲል ነው ጆግ ውስጥ የሚገባው፣ ትኩሱን አትክተቺው። እንፋሎቱ ክዳኑን አስፈንጥሮ ፊት ላይ ይደፋል፣ ብርጭቆ ጆግ ከሆነም ይሰነጠቃል።

የሆጤዋ፦

ገዛሁ! ከተመለስኩ ሁለት ሰዓት አልሞላም፣ መጀመሪያ የምነግረው ለእናንተ ነው።

ቦርሳዬ ውስጥ ሦስት ራስ ሽንኩርት ተላጥቶ በፌስታል ይዤ ሄድኩ። መጀመሪያ ባለ 4500ውን ገለበጥኩት። ሥሩ ላይ የተለጠፈው ምልክት ቮልት ይላል፣ የዋቱ ቦታ ባዶ ነው። ሻጩን ሳሳየው እሱም ከዚህ በፊት አላየውም ነበር። ገመዱ ላይ 0.75 ይላል። መለስኩለት።

ሌላ ሱቅ 600 ዋት የሚል፣ ከሥሩም 600 የተጻፈበት፣ ባለ 2 ሊትር መክተፊያ አገኘሁ። ትርፍ ክዳን አስመጣልሻለሁ ብሎ ወረቀት ላይ ጻፈልኝ። ሰክቶ እንዲያሳየኝ ጠይቄ ሽንኩርቱን አወጣሁ፣ ባለሱቁ መጀመሪያ ገረመው፣ በኋላ ራሱ ጎንበስ ብሎ ማየት ጀመረ። ጫን ለቀቅ፣ ጫን ለቀቅ። ጓ ጓ አለ፣ ከዚያ ለሰለሰ፣ ያኔ አቆምኩ። ከፍቼ በጣቴ ሳነሳው እንደ ሩዝ ፍሬ ብትን ብትን ይላል፣ ሥሩ ላይ ውሃ የለም። ከበጀቴም ሁለት ሺህ ብር ተረፈኝ።

ቤት ስገባ አንድ ኪሎ ከተፍኩ፣ በሦስት ዙር፣ አሁን ድስቱ እሳት ላይ ነው። አማቴ ክዳኑን ከፍተው አሸተቱና «ይሄ ሽንኩርት ነው» አሉ።

ጠጋኙ ወንድሜ፣ ጁስ መፍጫዋን ቅዳሜ ጠዋት ይዣት እመጣለሁ። ጎማዋን እባክህ አዘጋጅልኝ፣ ከአፏ ዳር እስከ ዳር 7 ሴንቲ ሜትር ናት፣ ለክቻታለሁ።